ስለ አንድ ዓርብ ፈቃድ እና ስለ አንድ ማክሰኞ

ለክብርት ወይዘሮ ኦስተርቤርግ
የማዘጋጃ ቤታችን የትምህርት ግዴታ ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በመልካም ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ የጥቅምት ጉንፋን ቢሮዎን ዘልሎ እንዲያልፍ፣ ነፋሱም ወደ ሥራ ሲሄዱም ሆነ ወደ ቤት ሲመለሱ ሁልጊዜ ከብስክሌትዎ በስተኋላ እንዲነፍስልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ስሜ ዱወ ተርፕስትራ ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እርስዎ ዘንድ የምታወቀው በተማሪ ቁጥሬ ስለሆነ፣ እንዳይቸገሩ ቁጥሩን ከፊርማዬ በታች ጽፌዋለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ ከመላክ ይልቅ ሐሙስ ሐሙስ በየደጁ ለሚጣለው የመንደራችን ጋዜጣ የሰጠሁት ላሳፍርዎ ፈልጌ አይደለም። መጨረሻ ላይ የምናገረውን ነገር ጋዜጣውን ከቁርሳቸው ጋር የሚያነቡት ጎረቤቶቼም መስማት ስላለባቸው ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የፈቃድ ማመልከቻዬን ሰኞ አስገብቼ ረቡዕ ጠዋት «አይቻልም» የሚለው መልስዎ ደረሰኝ። በግድቡ መንገድ ላይ የመንገድ መብራት ይተከልልን ብለው ጎረቤቶቼ ለማዘጋጃ ቤቱ ከጻፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እስካሁን ይጠባበቃሉ። የመንገድ መብራት የእርስዎ ክፍል ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በሁለት ቀን ውስጥ እምቢ መባል በእኛ አካባቢ ምን ያህል ክብር እንደሆነ ለማሳየት ብቻ ነው ያነሣሁት።

የጠየቅሁት አንድ ዓርብ ነበር። በየጥቅምቱ አምስተርዳምን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ቀን ቀን ጉባኤ አለው። በጉባኤው ላይ ማንም የማያውቃቸው ልጆች የላኩት ሙዚቃ በዕጣ ይወጣና በሙያው የኖሩ ሰዎች አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ሰምተው አስተያየት ይሰጡበታል። ወንድሜ ሬንሰ በጥር ወር አንድ ሙዚቃ ልኮ ነበር። ዕጣው በመስከረም ወጣለት። ሬንሰ የሞተው በየካቲት ነው።

የጉባኤው ደንብ ሠሪው ወይም አብሮት የሠራ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከሌለ ሙዚቃው ታልፎ ወደሚቀጥለው ይኬዳል ይላል። ሬንሰ ቅጹን ሲሞላ አብሮ ሠሪ በሚለው መስመር ላይ የእኔን ስም ጽፏል። እኔ የሠራሁት ነገር የለም። የመንደራችንን ውኃ ወደ ባሕር የሚገፋውን የመምጠጫ ጣቢያ ድምፅ በጓዳው ሆኖ ሲያቀናብር በሩን በርግጄ ገብቼ «ሬንሰ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ እማ ተቆጥታለች» አልኩት። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ሲቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን ሦስት ቀን ሙሉ «ሾርባው ቀዘቀዘ» የሚለውን ቃሌን ቆርጦ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ሲያዋህድ ሰነበተ። «ከእንግዲህ የሙዚቃ ሰው ነህ፣ ፀጉርህን ተስተካከል» አለኝ።

የጉዞውን ዕቅድ ያወጣው በገና በዓል ሰሞን፣ ሙዚቃውን እንኳ ሳይጨርስ ነው። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ላይ የከተማውን ካርታ ለጠፈ። የጉባኤውን ንግግሮች በሰማያዊ፣ በሙዚቃ መደብሮችና በካፌዎች ቀን በነጻ የሚቀርበውን በአረንጓዴ፣ ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች የማይገባበትን በቀይ አሰመረው።

«ቀዩን ገጽ እንዳታየው፣ የትልቅ ሰው ነው» ይለኝ ነበር።

«አንተ ትልቅ ሰው ሆነህ ነው?»

«በመታወቂያዬ ላይ ነኝ።»

ብስክሌት በከተማው መከራየት ለቤታችን ሰው ውርደት ስለሆነ የራሳችንን ይዘን እንድንሄድ ወሰነ። ብስክሌት ባቡር ላይ የሚጫነው ደግሞ የጠዋቱ የሥራ ግርግር ካለፈ በኋላ ስለሆነ የሦስት ሰዓት ከስድስት ደቂቃውን ባቡር መረጠ። ከዚህ ላይ ነው፣ ክብርት ሆይ፣ እርስዎ ወደ ጉዞአችን የገቡት። በደብተሩ ጠርዝ ላይ «የዱወ ትምህርት ቤት፣ ዓርብ፣ ፈቃድ ይጠየቅ» ብሎ ጽፎ ከሥሩ አስምሮበታል። ቀጥሎ «ዳቦ በአይብ ዐሥር፣ ዳቦ በቸኮሌት ፍርፋሪ አራት፣ ምግብ መግዛት ለቱሪስት ነው» ይላል።

እንግዲህ እንደ ዕቅዱ ፈቃድ ጠየቅሁ። ቅጽዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ለዘመድ ሠርግ፣ ቤት ለመቀየር፣ ለወላጆች የጋብቻ በዓል ምልክት የሚደረግበት ሣጥን አለው። የእኔ ጉዳይ ሣጥን ስላልነበረው «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ በሰባት መስመር አስረዳሁ። እርስዎም ፌስቲቫል መዝናኛ በመሆኑ በዕረፍት ጊዜ ቢደረግ እንደሚሻል መከሩኝ። የመኸር ዕረፍታችን ከፌስቲቫሉ በኋላ ባለው ሳምንት ይጀምራል። ከተማው ዝግጅቱን በሰባት ቀን እንዲያዘገይልኝ እንድጽፍ ስላላዘዙኝ ባለውለታዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሁለቱ ቀናት አመሰግናለሁ። መልስዎ «ለሐዘኑ በየካቲት ሁለት ቀን ተሰጥቶታል» ይላል። እውነት ነው፣ ተሰጥቶኛል። በመመሪያው መሠረት እናትና አባት አንደኛ ደረጃ ዘመድ ስለሆኑ አራት ቀን ይታዘንላቸዋል፤ ወንድም ሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ ሁለት። ሬንሰ ይህን ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው እኔ ነበርኩና። በመጀመሪያው ቀን የሬሳ ሣጥኑን መረጥን፣ በሁለተኛው ቀበርነው። በሦስተኛው ቀን የሒሳብ ፈተና ነበረኝ። አለፍኩ። ሰዎች «ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ። በመስከረም ወር አንድ ካርቶን ሙሉ ቀይ የብስክሌት መብራት ይዘው ወደ ክፍላችን መጥተው ነበር። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ከማደልዎ በፊት ትንሽ ንግግር አደረጉ። «ባለፈው የብርድ ወቅት ከዚሁ ከአካባቢያችን አንድ ወጣት የኋላ መብራት ሳይኖረው ወጥቶ አልተመለሰም። ሁለት ደቂቃ ቢያስብ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር» አሉ። ሃያ ስምንት ተማሪ በአንድ ጊዜ አንገቱን ወደ ጠረጴዛው ደፋ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፌምከ «ውጣ፣ ሆዱን አሞታል እላቸዋለሁ» ብላ በክርኗ ነካችኝ። አልወጣሁም። ያለ ፈቃድ ከክፍል መውጣት እንደሚመዘገብ አውቃለሁ። መብራቱን ከእጅዎ ተቀብዬ «አመሰግናለሁ» አልኩ፤ እርስዎም «በርታ» አሉኝ። ማን መሆኔን አላወቁም ነበር፤ ስለዚህ አልወቅስዎትም። ያሉት ነገር በፖሊስ ወረቀት ላይም ተጽፏል። መንደሩም ያንኑ ይላል። «ሬንሰ ምስኪን፣ ጆሮው ሙዚቃ ላይ፣ ልቡ አየር ላይ» ይላሉ። እናቴ እንኳ መቃብሩ ላይ አበባ ስታስቀምጥ «ስንት ጊዜ ነገርኩህ፣ አንተ ልጅ፣ ስንት ጊዜ» ትለዋለች።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልምጣ።

በዚያ የብርድ ወቅት ስምንት ጊዜ አርፍጄ ነበር። ቢሮዎ በአክብሮት የጻፈልኝ ደብዳቤ ዘጠነኛው ከተጨመረ እናቴ በሥራ ሰዓት ቀርባ እንድታስረዳ ያስጠነቅቃል። እናቴ በአረጋውያን መኖሪያ የጠዋት ተረኛ ናት፤ እርሷ ከሌለች ዐሥራ አንድ ሰው ከአልጋው አይነሣም። ስለዚህ ዘጠነኛው እንዳይመጣ ምዬ ነበር። በዚያው ሳምንት ፖሊሶች በትምህርት ቤቱ አደባባይ ቆመው መብራት የሌለውን ብስክሌት ሁሉ ያስቆሙ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ብስክሌቴን ከመጋዘን ሳወጣ የኋላ መብራቴ አይበራም። ማታ ባትሪውን በገመድ መሙላት ረስቼ ነበር። ውጭው ጨለማና ጭጋግ ነበር።

የሬንሰ ብስክሌት ከእኔው አጠገብ ቆሞ ነበር። መብራቱ በላስቲክ የሚታሰር ነው፤ ለመፍታት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ፈታሁት።

ሬንሰ በወጥ ቤቱ መስኮት ይታየኝ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በቢላዋ ጠረጴዛውን እየመታ፣ ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል። መስኮቱን ማንኳኳት እችል ነበር። ባንኳኳ ኖሮ የሚለውን አውቃለሁ፤ «ሌባ፣ ማታ ሳህኑን የምታጥበው አንተ ነህ» ብሎኝ፣ እርሱ እስኪነጋ ተቀምጦ ቡና ይደግም ነበር። የሚሠራበት የድንች መልቀሚያ ድርጅት አለቃ ያረፈደ ሠራተኛ ላይ ዓይኑን ከማጉረጥረጥ በቀር መዝገብ የለውም። እኔ ግን አላንኳኳሁም። ማዳመጫውን እስኪያወልቅ፣ እስኪሰድበኝ፣ እስኪስቅ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ይወስድብኛል ብዬ አሰብኩ። እርስዎ በክፍላችን የተናገሩላቸው ሁለት ደቂቃዎች የእኔ ነበሩ እንጂ የሬንሰ አልነበሩም።

የፊት መብራቱ ይሠራ ስለነበር ከኋላ የጎደለውን ሳያይ ወጣ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የግድቡ መንገድ ላይ ከኋላው የመጣ የዕቃ ማመላለሻ መኪና አላየውም። ሹፌሩ «ምንም ቀይ ነገር አላየሁም» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል። እውነቱን ነው። ቀዩ ነገር በዚያ ሰዓት በአደባባዩ ላይ ፖሊሶቹን አልፎ ነበር፤ አንደኛው ፖሊስ አውራ ጣቱን አንሥቶ አሞግሶኛል። ትምህርት ከመጀመሩ ሦስት ደቂቃ ቀድሜ ገባሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊጠሩኝ ሲመጡ መብራቱ በቦርሳዬ ውስጥ ሳላጠፋው ይበራ ነበር።

እንግዲህ አቤቱታዬ ይህ ነው። መዝገብዎን ከፍተው ያንን ማክሰኞ ቢመለከቱ፣ ከስሜ ትይዩ «በሰዓቱ ደርሷል» የሚል ያገኛሉ። ከዚያ የብርድ ወቅት መዝገቤ ውስጥ የሚያኮራው መስመር እርሱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ማንም ስለዚያ መስመር ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ላረፈድኩባቸው ቀናት በሙሉ ምክንያት አቅርቤያለሁ። በሰዓቱ ለደረስኩበት ቀን ግን ምክንያት የማቀርብበት ቅጽ ቢሮዎ የለውም። ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ ላይ አቀረብኩት። ወንድሜ ቸልተኛ አልነበረም። መብራት ነበረው። የወሰድኩበት እኔ ነኝ። የሚቀጥለውን ካርቶን ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱ ስለ «አንድ ወጣት» መናገርዎን አይተዉ፤ የትኛውን ወጣት ማለትዎ እንደሆነ ብቻ እንዲያስተካክሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለእናቴ ሰጠኋት። ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ስምንት ወር ሙሉ ሬንሰን ስቆጣው» አለች፣ «አጠገቤ ቆመህ ትሰማኝ ነበር።»

«አዎ።»

ካፖርቷን እንደለበሰች ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ወዴት እንደሄደች መገመት አያቅተኝም፤ አበባ ግን አልያዘችም። ራት ብቻዬን በላሁ። በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ የሬንሰ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ፣ እርሷ አይብ ትቆርጥ ነበር።

«የሦስት ሰዓት ከስድስቱ ባቡር» አለች ዓይኗን ከቢላዋው ሳታነሣ፣ «የእኔን ብስክሌት ይቀበላል? ከባድ ነው።»

ይቀበላል አልኳት። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ዐሥር ዳቦ በአይብ፣ አራት በቸኮሌት ፍርፋሪ እንደሚል ግን አይታለች።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ይህ ጋዜጣ በወጣ ማግስት፣ ዓርብ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እስከ መጨረሻው ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። አልታመምኩም፤ የጥርስ ቀጠሮም የለኝም። «ያለ ፈቃድ ቀርቷል» ብለው በጥሩ እጅ ጽሑፍ እንዲመዘግቡልኝ እጠይቃለሁ። በመዝገብዎ ውስጥ እውነት የሆነ አንድ መስመር እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ። ማክሰኞውን ማረም ባይቻል እንኳ ዓርቡ አጠገቡ ይቀመጥልኝ።

ለትዕግሥትዎ፣ ለመመሪያዎ፣ በቅጽዎ ላይ ለእኔ ጉዳይ ላልተገኘው ሣጥንና ለማይዛነፈው መዝገብዎ ያለኝን የላቀ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሁሉም ሰው በሰዓቱ ቤቱ የሚገባበት የብርድ ወቅት እመኛለሁ።

ታዛዥዎ ከዓርብ በስተቀር፣
ዱወ ተርፕስትራ
የተማሪ ቁጥር 40718
የሬንሰ ተርፕስትራ ወንድም፣ ሁለተኛ ደረጃ

ማስታወሻ፦ በመስከረም በእጅዎ የሰጡኝን ቀይ መብራት ሰኞ ከቢሮዎ የደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ያገኙታል። ማሸጊያው አልተከፈተም። እባክዎ መብራት ለሌለው ተማሪ ይስጡልኝ። እኛ ቤት አሁን አንድ ትርፍ አለ።