ለሁለት የሚበቃ ብርድ ልብስ

ለውዷ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ባልሽንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን። እኔ ሰሞኑን ከእንቅልፌ ስነሳም ደክሞኝ ነው የምነሳው።

ልጄ ማርሊዬ የፊታችን ቅዳሜ በማንታይ ቤተ መቅደስ ትዳራለች። የእኛን የሞርሞኖችን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ መግቢያ ወረቀት የሌለው ሰው እናትም ብትሆን ከበር አታልፍም። በእኔ ሰርግ ጊዜ አንቺ ባፕቲስት ሆነሽ ስለነበር ውጭ አግዳሚው ላይ ጠበቅሽኝ። ወጥቼ ሳቅፍሽ እጅሽ በረዶ ሆኖ ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ።

ከዚያ ወዲህ በደብዳቤ ስንነታረክ ኖርን። እኔ ሕዝቅኤል አንድ ያደረጋቸው ሁለት በትሮች መጽሐፍ ቅዱስና መጽሐፈ ሞርሞን ናቸው ስልሽ፣ አንቺ ይሁዳና እስራኤል ናቸው፣ ምዕራፉን ጨርሺው ትዪኛለሽ። አንቺ ጳውሎስ ሌላ ወንጌል የሚያመጣ መልአክ እንኳ የተረገመ ነው ብሏል ስትዪኝ፣ እኔ ዮሐንስ በራእይ ወንጌል ይዞ የሚበር መልአክ አይቷል እልሻለሁ። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ እናንተ ልጆች እግዜርን መሐል አስገብታችሁ ነው የምትደባደቡት ትለን ነበር።

በረዶው ሳይቀልጥ ለመጨረሻው ደብዳቤሽ መልስ ልጽፍ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳመሳክር ሰነበትኩ። ድሮ የሚገጥሙልኝ ቦታዎች አልገጥም አሉኝ። ደስ እንዳይልሽ፣ ወደ አንቺም አልመጣሁም። ሁለቱንም መጻሕፍት ዘግቼ መደርደሪያው ላይ መለስኳቸው።

ወረቀቴ ጊዜው አልፎ ስለነበር እሁድ ለማሳደስ የአጥቢያችን አለቃ፣ ኤጲስ ቆጶሳችን ዘንድ ሄድኩ። ያ ቱርክ ዶሮ የሚያረባው ላማር ነው፤ ልጅ ሳለን በጭቃ ትመቺው የነበረው። ለወረቀቱ የሚጠየቁትን ጥያቄዎች እያነበበ ወንጌሉ በነቢያችን በኩል ዳግም ስለ መመለሱ ምስክርነት አለሽ ወይ የሚለው ላይ ሲደርስ «እንጃ» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ «ልጅሽ እኮ ናት። አዎ በዪኝና ልፈርምልሽ፤ ሌላውን ከሰርጉ በኋላ እንነጋገራለን» አለኝ።

ከደግነቱ ነው፣ አልተቀየምኩትም። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ ጾሜ ምእመናኑ ፊት ቆሜ፣ አምናለሁ እንኳ ሳልል አውቃለሁ እያልኩ የመሰከርኩ ሴት ነኝ። አንድ አዎ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ወረቀቱን ሳላስፈርም ተመለስኩ።

ትናንት ለማርሊ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ታዲያ የቀሚሴን ቁልፍ ከጀርባዬ ማን ይቆልፍልኛል?» አለችኝ። አማቷ ትቆልፍላታለች። ሃያ ስምንት ቁልፍ ነው፤ እኔ ነኝ የተከልኩት።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል። የቤተ መቅደሱን ኮረብታ ነፋስ መቼም አትረሺውም። እባክሽ በዚያን ቀን መጽሐፍ አታምጪ፤ ብርድ ልብስ አምጪ፣ ለሁለት የሚበቃ።

መንገድሽን የሰላም ያድርግልሽ፤ ቤትሽን፣ ባልሽን፣ ልጆችሽን ይባርክልሽ።

ታላቅ እህትሽ