ለማሊ የተወቀጠ ፓፓያ

ሰኞ፣ ማርች 4 ቀን 1996
ማሊን ዛሬ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ወድቃ አገኘኋት። ከላያችን ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው የታይላንዷ ጎረቤቴ ናት። እናቷ አገር ቤት ካረፉ ወዲህ እህል አይወርድላትም። ለቀብር አልደረሰችም። ባሏ ላሽ የጭነት መኪና ይዞ ጀርመን ነው። ለቅሶ የሚደርሳት ሰው የለም!

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ፣ በዚህ ሳምንት መብላት ካልጀመረች ሆስፒታል ትተኛለች አለች። ስንመለስ እዝን ብዬ ሾርባ ወሰድኩላት፤ አልነካችውም። “ታዲያ ምን አማረሽ?” አልኳት በዚያው በተሰባበረ ስዊድንኛችን። “ሶም ታም” አለች። እናቷ መንገድ ዳር ይሸጡት የነበረ ሰላጣ ነው። ጥሬ ፓፓያ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ኦቾሎኒ፣ የዓሣ ሶስ፤ ሁሉም ሙቀጫ ውስጥ።

“እሠራልሻለሁ” አልኳት። ምን ነካኝ? እኔ ፓፓያ የማውቀው በስሎ በማንኪያ ሲበላ ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 5
ከሰፈራችን የገበያ ማዕከል፣ ከሃሉንዳ ሴንትሩም፣ ፓፓያ ገዛሁ። ልጣጩ አረንጓዴ ነው፣ ደስ አለኝ። ቤት ስሰነጥቀው ውስጡ ብርቱካን መስሏል። እልህ ያዘኝና ወቀጥኩት። የሕፃን ምግብ ሆነ። ባሌ ግርማ አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ “ጁስ ነው?” አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እሱው ጠጣው።

ረቡዕ፣ ማርች 6
በፓፓያ ፋንታ ካሮትና ኮልሮት የሚሉትን ቢጫ ሥር ከትፌ ሞከርኩ። ማሊ ሳታሳፍረኝ አንዴ ጎረሰች። ማንኪያውን አስቀመጠች። “እናቴ ብታየው ትስቅ ነበር” አለችና ራሷ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ወዲያው ልቅሶ ሆነ። አቅፌያት ተቀመጥኩ። “አይዞሽ፣ አይዞሽ” እላታለሁ በአማርኛ። የገባት ይመስለኛል።

ክንዷ እንዴት ቀጥኗል!

ሐሙስ፣ ማርች 7
ሶልና ካለው ሥራዬ አስፈቅጄ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ሶደርማልም የሚባለው ሰፈር የእስያ ሱቅ አለ ብለውኝ ሄድኩ። ባለሱቋ ጥሬው ፓፓያ መጥቷል፣ ግን ካርቶኑ አልተከፈተም፣ ነገ ነይ አለችኝ። “ነገማ አይሆንም፣ ጎረቤቴ እናቷ ሞተውባት ነው” አልኳት። ቢላ አንስታ ካርቶኑን ቀደደችው።

አገኘሁ! እንደ ድንጋይ የጠነከረ። ቲ-ባና በሚሉት ባቡር ውስጥ አቅፌው መጣሁ።

ግርማ አብሬ የገዛሁትን የዓሣ ሶስ ከፍቶ አሸተተና ክዳኑን መልሶ ገጠመው። “እርግጠኛ ነሽ ይበላል?” እርግጠኛ አይደለሁም።

ዓርብ፣ ማርች 8
ሙቀጫዬን ተሸክሜ ወደ ማሊ ወጣሁ። ፓፓያውን ስታይ ከሶፋው ቀና አለች። ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን እንደ በርበሬ እደልዘው ጀመር። “ኔይ፣ ኔይ! እንዲህ አይደለም፣ ቀስ በይ!” ብላ ዘነዘናውን ከእጄ ወሰደችው። በአንድ እጇ መታ ታደርጋለች፣ በሌላው የከተፍኩትን ፓፓያ በማንኪያ ትገለብጣለች። እንዲህ ፈጣን እጅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

“ቅመሺው” አለችኝ።
“ጾም ላይ ነኝ፣ ዓሣ አለበት። አንቺው ቅመሺ።”

ቀመሰች። “ሎሚ።” ጨመርኩ። ቀመሰች። “ስኳር ትንሽ።” ጨመርኩ። እንደገና ቀመሰች። “ቃሪያ።”
“ተይ እንጂ፣ ባዶ ሆድሽን ነሽ!”
“ቃሪያ!”

ሰላጣው ሙቀጫው ውስጥ እያነሰ ሄደ። እሷ ልብ ያለችው አይመስለኝም። እኔም ዝም አልኩ፤ ብናገር እንዳታቆም ፈርቼ። ስለ እናቷ ታወራኛለች፤ ገንዘብ ለሌለው ደንበኛ እንዴት እየተሳደቡ ሳሕኑን ይሞሉለት እንደነበር። ትጎርሳለች፣ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ ታወራለች።

ስልክ ጮኸ። አፏ ሙሉ ስለነበር እኔ አነሳሁት። ላሽ ነው። የእኔን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ። “ማሊ የት ናት? ምን ሆነች?”

“እየበላች ነው” አልኩት።

በስልኩ ውስጥ የመኪናዎች ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብሎ “እባክሽ፣ እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ” አለኝ።

ደግሜ ነገርኩት።