ሚስማርህና የእኔ መፍቻ

ሆዴ ማቴዎስ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደውን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ መንገዱ ሲጨቀይ የሶዶ ሳይክል ሁሉ ካቴናው እየጮኸ ወደ ሱቃችን ይመጣል። አዎ፣ ሱቃችን ነው ያልኩህ። አልተዘጋም፣ ደስ ይበልህ።

ታናሽ ወንድምህ ጳውሎስ አርባህ ካለፈ ጀምሮ ቤቱን ለባጃጅ ዕቃ መሸጫ እናከራየው ይለኝ ነበር። ክፋት የለውም፤ ሴት እጇን ግራሶ ውስጥ ነክራ እንዴት ትኖራለች ብሎ አዝኖልኝ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ናፍታ ሳቀብልና ጎማ ስለጥፍ ግን ማንም አላዘነልኝም። አንድ ክረምት ታገሠኝ፣ ካልቻልኩ ቁልፉን ራሴ አስረክብሃለሁ አልኩት።

መጀመሪያ የመጣው የቦዲቲው መምህር ነው፣ ያ ባለ ማርሽ ሳይክል ያለው። ከካቴናው አንዱ ቀለበት ተጣሞ ነበር፤ አውጥቶ መልሶ ማያያዝ ነው። ጫፉን የሞረድከውን ሚስማርህን አነሳሁ፣ ካቴናውን እንዳንተ ትልቁ ዳዶ ቀዳዳ ላይ አስተኛሁና ቀለበቶቹን የሚያያይዘውን ፒን ለማስወጣት በመዶሻ መታሁ። አንተ የመጨረሻዋን ምት ስትመታ ትንፋሽህን ትይዝ ነበር፤ እኔም አመልህ ነው እያልኩ እስቅብህ ነበር። ለካ ፒኑ ጨርሶ እንዳይወጣ፣ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር ነው። የእኔው ወጥቶ ጭቃ ውስጥ ገባ። ፈልጌ ባገኘውም መልሼ ማስገባት አቃተኝ፤ በኃይል ብመታው ጭራሽ ሌላውን ቀለበት አጣመምኩት።

መምህሩ ቆሞ ያየኛል፣ ጳውሎስም በር ላይ አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ያንተን ሳይክል አወረድኩት። ካቴናው በፒንሳ የሚከፈት መያዣ ስላለው እሱን ፈትቼ ለመምህሩ ገጠምኩለት። እያለቀስኩ ነው የገጠምኩት፣ ምን እደብቅሃለሁ።

ከዚያ የካቴና መፍቻ ልግዛ አልኩ፣ ያን እጀታው ሲዞር ፒኑን እየገፋ የሚያወጣውን። አንተ መፍቻ የሰነፍ ዕቃ ነው ትል ነበር፤ በዚህስ ተሳስተሃል፣ ሆዴ። ከገበያ ያመጣሁት የመጀመሪያው በሁለተኛው ቀን ጫፉ ተሰበረ። ሁለተኛውን ሐዋሳ ድረስ ሄጄ ነው የመረጥኩት። እያንዳንዱን በእጄ መዝኜ፣ ጫፉ ፒኑ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ማረፉን ሳላይ አልወሰድኩም። ሻጩ ለማን ነው ሲለኝ ለራሴ አልኩት። ጫፉ ቢሰበር ይቀየራል፣ እጀታውም ረዘም ስለሚል እጄን አያደክመኝም። ስታየው ትቀና ነበር።

ሌላውን ሁሉ ግን እንዳንተ ነው የምሠራው። ካቴናውን በናፍታና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፣ ዘይት ከቀባሁት በኋላ መልሼ በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ያለዚያ አቧራ ይሰበስባል። ያገናኘሁት ቀለበት ከጠነከረብኝም በሁለት አውራ ጣቶቼ ወዲያና ወዲህ እያጎበጥኩ አላላዋለሁ።

አሁን ሰው ከቢጠና ድረስ ይመጣልኛል። መምህሩም የባልደረቦቹን ሳይክል ይዞልኝ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማን መጣ መሰለህ፣ ጳውሎስ። የራሱን ሳይክል እየገፋ መጥቶ ከሦስት ሰው ኋላ ተራውን ጠበቀ። የቁልፉን ነገር አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ግን ኮርቻለሁ፣ ኮርቻለሁ፣ ሆዴ። አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ ምንም ሳትናገር።

ዛሬ ጠዋት ያለ ካቴና መልሼ ሰቅዬው የነበረውን ሳይክልህን ከግድግዳው አወረድኩት። አዲስ ካቴና ገዝቼለት ነበር፣ ትንሽ ይረዝማል። ትርፉን ለመቁረጥ በመፍቻዬ ያዝኩትና እጀታውን ማዞር ጀመርኩ። መፍቻው ፒኑ የት እንደሚቆም ቢያሳየኝም የመጨረሻዋ ዙር ላይ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ፒኑም ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሚስማርህ ከመፍቻዬ ጎን ተሰቅሏል። በዚህ ሱቅ ካቴና በፈታሁ ቁጥር፣ እዚያች የመጨረሻዋ ዙር ላይ፣ አስታውስሃለሁ።

ያንተው ባለቤት