ፎቶ ያላነሣኋት የቦዮ ጫጩት

ለሰሚራ እናት፣ ለዘይነባዬ፤

ከሄድሽ ሁለት ክረምት አለፈ። አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ግን ከእኔ ቀድሞ አርጅቷል፤ ከአልጋ ለመነሣት እንኳ ግድግዳ እደገፋለሁ።

ቤቱን ብታዪው አይጠፋሽም፤ ጭር ማለቱ ነው እንጂ። ሰሚራ ተጨማሪ ክፍል ልትሠራ ከጓሮው እንሰት ግማሹን አስነቅላለች። ጎረቤታችን ባሕር ዛፉን ስለቆረጠው፣ ጎሕ ሲቀድ እየጮኹ ያስነሡን የነበሩት ወፎች ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። አሁን የሚቀሰቅሰኝ ባጃጅ ነው። ልጅሽ ካሜራዬን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቅላ፣ «አባዬ፣ ወፎቹ አንተ ባታያቸውም ይበራሉ፤ ዐርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። ምላሷ የአንቺው ነው።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ሕመሙ ሲጸናብሽ የጠየቅሽኝ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። በቦዮ ረግረግ የሚኖሩትን፣ ከጉሮሯቸው ሥር ሁለት ነጭ ሥጋ የሚንጠለጠልባቸውን ረጃጅም ወፎች «ባለ ሎቲዎቹ» ነበር የምትያቸው። የእነሱን ጫጩት በፎቶ አሳየኝ አልሽኝ። በዚያ ዓመት አልፈለፈሉም፤ አንቺም አልቆየሽም።

ዘንድሮ ጎጆ መሥራታቸውን የቦኖሻ ሰዎች ነገሩኝ። ሰሚራ እየተቆጣች ካሜራውን አወረድኩ፤ እስከ ቦኖሻ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ሄድኩ። ወፎቹ እንዳያዩኝ የምቀመጥበትን መሸሸጊያ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ሸፈንኩት። መጀመሪያ አብረን የመጣን ጊዜ በእርጥቡ ስሸፍን «ከብት ይበላዋል» ብለሽኝ አልሰማሁሽም። በሬው ጣሪያዬን በልቶ ሲጨርስ እኔ ውስጡ ቁጭ ብዬ ነበር። አንቺ ማዶ ሆነሽ ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ ወፎቹ በሙሉ ተነሡ። ዛሬም ቢሆን ያባረራቸው ሣቅሽ ነው እላለሁ።

ዘንድሮ ከመሸሸጊያዬ ሆኜ ሳይ፣ አንዷ ወፍ ጎጆው ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላው ራቅ ብሎ ጭቃውን በምንቃሩ ይቆፍራል። ደግሞ ቀስ ብሎ ይመጣና ይተካታል። ሲቀያየሩ ከሥራቸው ቡናማ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጫጩት ናት! ሣሩ ግን ረዝሞ ጋርዷታል፤ ያነሣሁት ሁሉ ሣር ብቻ ሆነ።

ያመጣኝ ባለ ሞተር፣ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ እንጂ፤ ከዚህ በኋላ መቼ ሊመጡ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መቼ ልመጣ? ተነሥቼ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ወፏ ብድግ ብላ ክንፏን ከፈት አደረገች። አንድ እርምጃ ብጨምር ጎጆውን ጥላ ትሄዳለች፤ ከላይ ደግሞ ጭልፊት ይዞራል። ጎጆ አይቀረብም እያልኩ ስንቱን ጎረምሳ የተቆጣሁ ሰው ነኝ። ለአንቺ ስል እንኳ ሕጌን ማፍረስ አልቻልኩም። ካሜራውን ቦርሳ ከትቼ ተመለስኩ። ጭቃው ስለያዘኝ ባለ ሞተሩ ጎትቶ አወጣኝ።

ዳር ደርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ ጫጩቷ ከሣሩ ወጣች። ቦርሳውን እስክከፍት ተመልሳ ገባች።

ስለዚህ ዘይነባዬ፣ የማሳይሽ ፎቶ የለኝም። እንዲህ ናት፦ የደረቀ ሣር ትመስላለች። እግሯ ከገላዋ ይበልጣል። ሁለቴ ተራምዳ ትንገዳገዳለች፤ እናቷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትጠብቃታለች።

አንቺም ካሜራ ሳዞርብሽ ፊትሽን በሻሽሽ ትሸፍኚ ነበር። አንድም ቀን አስገድጄሽ አላውቅም። ግድግዳችን በወፍ ፎቶ ተሞልቶ የአንቺ የለበትም። የልጅ ልጆችሽ ሲጠይቁኝ በቃሌ እነግራቸዋለሁ፤ መልክሽን፣ አረማመድሽን፣ ስትቆጪ ቅንድብሽ እንዴት እንደሚነሣ። አንደበቴ እስካለ ድረስ ከአንቺ ምንም አላጎድልም።

ባልሽ