አሮጌውን ሸራ ጥለነዋል

ወንድም ጋሼ፣ ያለህበትን ፈጣሪ ያሳምርልህ። ከቀበርንህ ወዲህ እማዬ እንቅልፍ አጥታለች፤ እባክህ በሕልሟ ብቅ በልላት። የመኪናህ ፍሪሲዮን፣ ያ ማርሽ ስትቀይር የምትረግጠው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስለተበላሸ የሸጡልህ ሰዎች ጋራዥ መልሰን አስገባናት። መኪናዋ ካልሠራች የእማዬ ደሞዝ ብቻውን አያበላንም። ሁለቴ "የፍሪሲዮኑን ሸራ ቀይረናል" ሲሉህ አላመንካቸውም ነበር፤ እኔም አላምናቸውም።

ዛሬ ሳልነቃ እማዬ ሥራ ሄደች። ባዶ ቤት ብቻዬን መንቃት ቢያስጠላኝ ትምህርቴን ትቼ በዩኒፎርሜ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

"አሮጌውን ሸራ አሳዩኝ" አልኩ።

"አንተ ጎረምሳ፣ ትምህርት የለህም እንዴ? አዲስ ገጥመን አሮጌውን ጥለነዋል" አለኝ ዋናው መካኒክ።

ጎንበስ ብዬ ከመኪናዋ ሥር አየሁ። ማርሹን የያዘው ካምቢዮ ሳይወርድ ሸራ አይቀየርም፤ የካምቢዮው ብሎኖች ግን ጭቃቸውን እንደለበሱ ናቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ ገና አልተፈታችም!" አልኩት።

ሌሎቹ መካኒኮች ሳቁበት። እኔ ጎማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና "በሉ እዚሁ ፊቴ ፍቷት" አልኳቸው። እስኪፈቷት አልተነሳሁም።