የማርሱን መኪና ስትሰናበቺው

ውድ ልጄ ከሪማ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ የሆጤን ዳገት ያለ ከዘራ እወጣለሁ፤ ሰኞ ገበያ ወርጄ ድንቼን መርጬ ተሸክሜ እመለሳለሁ። ወንድምሽ አብዱልባሲጥ «ኮምቦልቻ እኔ ዘንድ ይግቡ፣ ሙቀቱ ለአጥንትዎ ይሻላል» ይለኛል። «የኔ አጥንት ካንተ ይሻላል» አልኩት። ይህንንም በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ናት፤ ብትንጋደድም ታስነብባለች። እሱ በስልኩ አንስቶ ይልክልሻል። እንዳያነበው «ወላሂ» አስብዬዋለሁ፤ ማንበቡ ግን አይቀርም።

ባለፈው ጁምዓ ደውለሽ ስታለቅሺ ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም። በስልክ የሚነገር መልስ አጥቼ ነው። ማርስ ላይ የምትነጂው መኪና መልስ ካቆመ ሰነበተ። ባልደረቦችሽ «አልቆለታል፣ መጥራቱን እንተው» አሉ። የመጨረሻው ቃል ያንቺ ሆነና «አባ፣ ምን ላድርግ?» አልሽኝ።

ለእናትሽ ሐዘን የመጣሽ ጊዜ መደቡ ላይ ተቀምጠን ሥራሽን በስልክሽ አሳይተሽኝ ነበር። ቀይ ምድር ነው፤ የጎማ ዱካ ከወዲህ ተነስቶ እስከ አድማስ ይሄዳል።

«ማነው የነዳው?» አልኩሽ።

«እኔ ነኛ፣ አባ። የሚሄድበትን መንገድ ከምድር ሆኜ እልክለታለሁ፤ እሱ ብቻውን ይሄዳል።»

«ረዳት እንኳ የለውም?»

ሳቅሽ። «ምንም የለውም። እዚያ ሰው ረግጦ አያውቅም። ነፋሱን ይስሙልኝ እስቲ» ብለሽ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አስጠጋሽው።

ቅጠል የማያንኮሻኩሽ፣ ቆርቆሮ የማይመታ፣ ውሻ የማያስጮህ ነፋስ። ይነፍሳል፤ የሚያገኘው ነገር የለም። ፀጉሬ ቆመ፤ ያኔ ግን አልነገርኩሽም። አንቺም ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «አንዳንዴ የምነዳው እኔ አይመስለኝም» አልሽ። «ምስሉ ሲደርሰኝ ቦታው ሁሉ እስክመጣ ሲጠብቀኝ የኖረ ይመስለኛል። እኔ ድንጋዩን የማጠና መስሎኝ፣ ድንጋዩ እኔን ሲያጠናኝ።»

ዝም ከማለቱ በፊት ያነሳውን የመጨረሻ ምስል የላክሽልኝ ጊዜ ደግሞ ራሴ ደወልኩልሽ። ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ድንጋይ ቆሟል፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ።

«ማንን ቀብራችሁ ነው?» አልኩሽ።

«ኧረ አባ! ድንጋዮቹ እኮ አውራ ጣት አያህሉም!»

አንቺ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን፣ ሴት ወደ ቀብር ስለማትወጣ ያላየሽውን ልንገርሽ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሼሁ ራስጌዋ ተቀምጠው እናትሽን በእናቷ ስም ጠሯት፤ «መዲና፣ የዘምዘም ልጅ ሆይ!» ብለው። መላእክት መጥተው የሚጠይቋትን፣ እሷም የምትመልሰውን ነገሯት። ተልቂን ይሉታል። ከዚያ ተነስተን ሄድን። መልስ ልስማ ብሎ የቆየ የለም። ሟች የሚሄዱትን ሰዎች ኮቴ ይሰማል ይባላል። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ መቃብሯን ዘይሬ ስመለስ ኮቴዬ እንዲሰማት ጠበቅ አድርጌ ነው የምረግጥ።

ባለፈው ሐሙስ እንዲሁ እየረገጥኩ ስመለስ ነፋስ መጣ። ፊቴን ነካኝ፤ ባሕር ዛፉ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንዲት ቅጠል አልተንቀሳቀሰችም። ያንን ነፋስ አወቅኩት። ቆምኩ። እኔ ከቆምኩ በኋላ አንድ ኮቴ ከኋላዬ አረፈ። አንድ ብቻ።

አልዞርኩም። ፈርቶ ነው እንዳትዪ። ብዞር ከዚያ ቦታ መነሳት እንደማይሆንልኝ ስላወቅኩ ነው።

አንቺ ግን ዞረሽ ቆመሻል፣ ልጄ። ድምፅሽ ከሩቅ የሚመጣ ሆኗል። ስለዚህ ምን ላድርግ ላልሽኝ መልሴ ይኸው። አንድ ጊዜ ጥሪው። በስሙ ጥሪው፣ በእናቱም ስም ጥሪው፤ እናቱ አንቺ ነሽ። የተላክህበትን ጨርሰሃል በይው። ከዚያ ወንበርሽን ገፍተሽ ተነሺ፤ ስትወጪም ኮቴሽን ጠበቅ አድርጊ።

«ከወጣሁ በኋላ ቢመልስስ?» ትይኝ ይሆናል። ይመልስ። መልሱ ላንቺ ነው ያለሽ ማነው?

በኔ ላይ የቀረውን ሀቅ፣ ያለብኝን የሰው ዕዳ፣ እኔው ራሴ እወጣዋለሁ፤ አብዱልባሲጥ እንዳይገባብኝ ንገሪልኝ። ለእናትሽ ቀብር ሲቆፍር የዋለውን ጎረቤታችንን ይስማውን፣ ካሮቱን ሲያወጣ አብሬው ውዬ አግዘዋለሁ። እናትሽን «በግርጌሽ ሬት እተክልልሻለሁ» ብያት ነበር፤ ክረምቱ ሳይወጣ እተክላለሁ። ለወንድምሽም ኮምቦልቻ ወርጄ ጥቂት ቀን አድርለታለሁ፤ ጥቂት ነው ያልኩት።

ያንቺም ሀቅ አለብኝ። መኪናሽን የምትሰናበቺበትን ቀን ላኪብኝ። ሼሁ ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ ቢሆንም የዚያን ቀን እናትሽ ዘንድ ወጥቼ «የልጅ ልጅሽ ዝም አለ፣ ተቀበይው» እላታለሁ። ስመለስ የእግር ኮቴና የጎማ ድምፅ አብረው ቢከተሉኝም፣ አልዞርም።

አባትሽ በሺር
ሆጤ፣ ደሴ