አባትሽና ቡቺ

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንዴት ከረምሽ? እኛ አንቺን ከመናፈቅ በቀር ደህና ነን፤ ውሻችን ቡቺም ጭራውን እየቆላ ሰላም ብሎሻል።

አባትሽ ጠዋት ጠዋት ቡቺን ይዞ መዞሩን አልተወም። ድሮ ገመዱን እየጎተተ "በዚህ ና!" ይለው አልነበር? አሁን ቡቺ ይመራል፣ እሱ ይከተላል። ሥጋ ቤቱ ጋ አጥንት፣ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወሬ ይቃርሙና ቡቺ ቀጥ አድርጎ ቤት ያመጣዋል። እኔም በር ላይ እቆያቸዋለሁ፤ ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው። የቡቺ አንገት ማሰሪያ ላይም ስልክ ቁጥሬን በክር ጠልፌያለሁ፤ ውሻ አይታመንማ!

ትናንት ሲገቡ አባትሽ የቡቺን ጆሮ እያሻሸ፣ "ይሄ ጎበዝ ውሻ የማን ነው?" አለኝ።

"የኛ ነው" አልኩት።

"እሰይ! እንኳን የኛ ሆነ።"

የኔ ዓለም፣ ዕረፍትሽን ዘንድሮ ቀደም አድርጊው። ቡቺ ሳይረሳሽ ነይ።

ደጅ ደጁን የምታይ እናትሽ